የዐሥር ደቂቃው ምግብ ታሪክ

ታሪክ ሲነሣ የብዙዎቻችን አሳብ ወዲያው የሚበርረው ወደ ነገሥታት ዙፋን፥ ወደ ጦር ሜዳና ወደ ውል ሰነድ ነው። ስለ ምድጃና ስለ ድስት መጻፍ ቁም ነገር ለያዘ ብዕር የማይገባ ሥራ መስሎ ይታየናል። ነገር ግን ሕዝብ ዕድሜውን የሚያሳልፈው በምድጃ ዙሪያ ስለ ሆነ፥ ረኀቡና ጥጋቡ፥ ስደቱና ብልኀቱ ከሚበላው ምግብ ላይ ተጽፎ ይገኛል። እኛም ይህን አስበን፥ ዛሬ በብዙ አገር በየቤቱ በዐሥር ደቂቃ ተሠርቶ የሚቀርበውን፥ በርበሬ የበዛበትን የኑድል ጥብስ ታሪክ ከምንጩ ጀምረን ለመከተል ፈቀድን። በዚህ ጽሑፍ የሚገኘው የዓመት ቍጥር ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆኑን አንባቢ እንዲያስተውልልን እንለምናለን።

ለዚህ ሥራ ያነሣሣን አንድ የንቀት ቃል ነው። በአንድ የወዳጆች ጉባዔ ላይ ዕድሜና ዕውቀት ያላቸው ሰው፥ ተማሪዎች ማታ ማታ እየጠበሱ የሚበሉትን ይህን ምግብ «የሰነፍ ራት» ብለው ሲያጣጥሉት ሰማን። በዚያ ሰዓት ከመሳቅ በቀር መልስ አልነበረንም። ኋላ መጻሕፍት ስናገላብጥ ግን የተገለጠልን ነገር ሌላ ሆነ፤ ይህን ምግብ ዛሬ ባለው መልኩ ያበጁት ማገዶ ያለቀባቸው፥ ጨው የተወደደባቸውና ኑድል ፍለጋ በብርድ የተሰለፉ ሰዎች ናቸው።

አስቀድሞ ስለ አሠራሩ ጥቂት ማለት ይገባናል። ኑድል የምንለው ከዱቄት ተለውሶ፥ ወይ ተጐትቶ ወይ ተዳምጦ ተቈርጦ የሚዘጋጅ የሊጥ ክር ነው፤ እኛ ፓስታ ከምንለው ጋር የሥጋ ዘመድ ነው ቢባል አያሳፍርም። ክሩ በፈላ ውሃ ተቀቅሎ ልቡ ገና ጥቂት ጠንከር እንዳለ ይወጣል፤ በቀዝቃዛ ውሃ ይለቀለቃል፤ ውሃውም ጠፈፍ እስኪል ድረስ ይጠነፈፋል። ከዚያ ጐድጐድ ያለ ስስ የብረት መጥበሻ ጢስ እስኪያወጣ ድረስ ይግላል። ዘይቱ ሲገባ ነጭ ሽንኵርቱ፥ ዝንጅብሉና የደረቀው በርበሬ ተከታትለው ይጨመራሉ፤ ሽታቸው ቤቱን ሲሞላ፥ በርበሬውም ሳይጠቍር፥ ኑድሉ ይገባና በኀይለኛ እሳት ላይ ያለ ዕረፍት ይገላበጣል። ከአኵሪ አተር የሚሠራው ጥቍር መረቅ ከመጥበሻው ጠርዝ ይንጠባጠብበታል፤ ጠርዙ እጅግ የጋለ ስለ ሆነ መረቁ ወዲያው ይንጨረጨርና የጥብስ መዓዛ ይሰጣል። በመጨረሻ ቅጠል ሽንኵርት ተነስንሶበት ይወጣል። ምሥጢሩ ሁሉ ያለው በእሳቱ ኀይልና በምግቡ ማነስ ላይ ነው። ውሃ ያዘለ ወይም ከመጠን በላይ የበዛ ነገር ሲገባበት መጥበሻው ይቀዘቅዛል፤ የቀዘቀዘ መጥበሻም ይቀቅላል እንጂ አይጠብስም። እኛ ራሳችን መጀመሪያ ጊዜ ስንሞክረው የአራት ሰው ራት በአንድ ጊዜ ከተን ስለ ነበረ የወጣው ጥብስ ሳይሆን ገንፎ ነበር፤ የቤታችን ሰዎችም ነገሩን በትሕትና ዝም ብለው በሉት።

ወደ ታሪኩ እንመለስ። በ2005 «ኔቸር» በተባለው የሳይንስ መጽሔት ላይ አንድ አስደናቂ ወሬ ወጣ። በቻይና ሰሜን ምዕራብ፥ በቢጫው ወንዝ የላይኛ ክፍል፥ ላጅያ በተባለ የጥንት መንደር ፍራሽ ውስጥ፥ ሦስት ሜትር ያህል ጥልቀት ባለው ደለል ሥር አንድ የሸክላ ሳሕን በአፉ ተደፍቶ ተገኘ። ሳሕኑ ሲነሣ ከሥሩ ቢጫ የሊጥ ክር ተጠቅልሎ ታየ፤ ርዝመቱ እስከ ግማሽ ሜትር፥ ውፍረቱም ሦስት ሚሊ ሜትር ያህል ነበር። ዕድሜው አራት ሺሕ ዓመት ገደማ እንደ ሆነ ተገመተ። ሊቃውንቱ ክሩ የተሠራው ከስንዴ ሳይሆን የዳጉሳ ዘመድ ከሆኑ ደቃቅ እህሎች መሆኑን ጻፉ፤ ሌሎች ደግሞ እንደ ስንዴ የማይለጠጥ ሊጥ እንዴት እንዲህ ያለ ክር ይወጣዋል ብለው ተከራከሩ። ክርክሩን ለባለሙያዎቹ እንተወው። ለእኛ ልብን የሚነካው ግን ያ መንደር በመሬት መናወጥና በጐርፍ በጠፋበት ቀን አንድ ሰው ራቱን ሳይጨርስ መቅረቱ ነው።

ስንዴ ለቻይና የባዕድ እህል ነው፤ ከምዕራብ እስያ በሺሕ በሚቈጠሩ ዓመታት ጕዞ የደረሰ ነው። ብዙ ዘመንም እንደ ሩዝ ጥሬውን እየቀቀሉ ይበሉት ስለ ነበር የተወደደ እህል አልነበረም። ክብር ያገኘው በእጅ እየተሽከረከረ የሚፈጨው የድንጋይ ወፍጮ በሃን ነገሥታት ዘመን፥ ማለት ከ206 ቅድመ ልደተ ክርስቶስ እስከ 220 ዓመተ ምሕረት ባለው ጊዜ፥ በሰፊው ከተዘረጋ በኋላ ነው። ከዚያ ወዲህ የሊጥ ምግብ ሁሉ በአንድ ስም «ቢንግ» እየተባለ ይጠራ ጀመር። ወደ 300 ዓመተ ምሕረት ገደማም ሹ ሺ የተባለ ሊቅ ስለ ሊጥ ምግቦች ረዥም የቅኔ ድርሰት ደረሰ። በዚያ ድርሰት የሚደንቀን የምግቡን ጣዕም ማመስገኑ አይደለም፤ ይህን ማንም ያደርገዋል። የሚደንቀን በገበታው የተቀመጡትን ካነሣ በኋላ ሳሕን ይዘው የቆሙትንና ምራቃቸውን የሚውጡትን አሽከሮች አለመርሳቱ ነው።

ከዚህ ሁለት መቶ ኀምሳ ዓመት ያህል ዘግይቶ ጅያ ሲሺየ የተባለ ሰው ስለ እርሻና ስለ ቤት አያያዝ ትልቅ መጽሐፍ ጻፈ። እርሱም እንደ ብዙዎቹ የዚህ መጽሔት አንባቢዎች የመንግሥት ሹም ነበር፤ ሹም ሆኖም የሊጥ አሠራር መጻፍ አላሳፈረውም። በመጽሐፉ ሊጡ በቀዘቀዘ የሥጋ መረቅ እንዲለወስ፥ የመብያ እንጨት ያህል ወፍሮ እንዲድበለበል፥ አንድ ጫማ ያህል እየተቈረጠ ውሃ ውስጥ እንዲነከር፥ ከዚያም በፈላው ድስት አፍ ላይ በጣት እየተዳመጠ እንደ ሽንኵርት ቅጠል ስስ ሆኖ እንዲገባ ያዝዛል። በዚያው መጽሐፍ ሌላ ቦታ ደግሞ እንቍላል ከነጭ የሽንኵርት ራስ፥ ከጨውና ከብቅል አኵሪ አተር ጋር በሰሊጥ ዘይት በመዳብ መጥበሻ እየተማሰለ ሲጠበስ እናገኛለን። ክሩና ጥብሱ እንግዲህ በአንድ መጽሐፍ ውስጥ ጎረቤት ሆነው ይኖራሉ፤ ነገር ግን ገና አልተጋቡም።

ለጋብቻቸው ምክንያት የሆነው በከፊል የማገዶ ችግር ነው። በሶንግ ነገሥታት ዘመን፥ በዐሥራ አንደኛው ምዕተ ዓመት፥ ዋና ከተማው ካይፈንግ እጅግ ሰፍቶ ነበር፤ ያን ያህል ሕዝብ የሚያበስልበት እንጨት ከየት ይመጣል? ከ1031 እስከ 1095 የኖረው ታላቁ ሊቅ ሸን ክዎ በጊዜው የነበረውን ሁኔታ ሲገልጥ በምሥራቁ አገር የነበረው የጥድ ደን ማለቁን ጽፏል። ሌላው የዘመኑ ጸሐፊ ጅዋንግ ጭዎ ደግሞ የካይፈንግ ቤተሰብ ሁሉ የሚያነድደው የድንጋይ ከሰል እንደ ነበረና እንጨት የሚያነድድ አንድ ስንኳ እንዳልነበረ ያስታውሳል። ከደኑ ጋር አብሮ የተነሣው ብልኀት ሥጋውንና አትክልቱን አድቅቆ መክተፍ፥ ስስ ብረት በኀይል ማጋልና በጥቂት ደቂቃ ጨርሶ እሳቱን ማጥፋት ነው። ብዙ ታሪክ ጸሐፊዎች የዚህን የአጠባበስ መንገድ መስፋፋት ከማገዶ ማነስ ጋር ያያይዙታል። እኛ ግን ማገዶ ብቻውን ይህን ሁሉ አደረገ ለማለት አንደፍርም፤ ዘይት ለድኻ ቤት ውድ ነበረና የአገሩ ሕዝብ የሚበዛው ለብዙ ዘመን ምግቡን የሚቀቅልና በእንፋሎት የሚያበስል ሆኖ ኖሯል። ጥብሱን ያስፋፋው የከተማ ገበያ ጭምር ይመስለናል። ቸኵሎ ለሚሄድ ደንበኛ ቀቅሎ ማቈየት አይመችም፤ ዐይኑ እያየ ጠብሶ መስጠት ግን ገበያ ይስባል።

ይህን ገበያ በዐይናችን እንደምናየው አድርጎ የተወልን መንግ ዩዋንላው የተባለ ስደተኛ ነው። በ1127 የሰሜን ጦረኞች የሆኑት ጁርቸኖች ካይፈንግን ሲይዙ ከሸሹት ብዙ ሺሕ ሰዎች አንዱ እርሱ ነበር። ሃያ ዓመት ከቈየ በኋላ፥ በ1147፥ የጠፋችውን ከተማ ከትዝታው እየቀዳ ጻፈ። ቤተ መንግሥቱንና የክብር ሥርዐቱን ያነሣል፤ ነገር ግን ብዕሩ የሚሰባው የምግብ ቤቶቹን ስም ሲዘረዝር፥ የኑድል ሻጮቹን፥ እስከ ሌሊቱ ሦስተኛ ክፍል ቈይቶ ከንጋት በፊት እንደ ገና የሚከፈተውን የሌሊት ገበያ ሲተርክ ነው። አገሩን ያጣ ሰው አስቀድሞ የሚናፍቀው ምን እንደ ሆነ ከዚህ ይታወቃል። እነዚያ ስደተኞች ወደ ደቡብ፥ ወደ ሃንግጆው፥ ሲወርዱ የሰሜኑን የኑድል ቤት ይዘው ወረዱ፤ ሩዝ በላተኛው ደቡብም የስንዴ ክር በሰፊው የለመደው በዚህ መከራ ምክንያት ነው።

እስከዚህ ድረስ በርበሬ የሚባል ነገር የለም። የጥንቱ ቻይና የሚያቃጥለው ዝንጅብልና ምላስ የሚያደነዝዘው የአገሩ ቍንዶ ዘመድ ነበረው እንጂ እኛ በርበሬ የምንለውን አያውቅም ነበር። በርበሬ የአሜሪካ ተወላጅ ነው። ኮሎምቦስ በ1492 የባሕር ጕዞውን ሲጀምር የሚፈልገው ቍንዶ በርበሬ ሲሆን ያገኘው ሌላውን ነው፤ ከዚያ ወዲህ ፍሬው በፖርቱጋሎችና በሌሎች ነጋዴዎች መርከብ ዓለምን ዞረ። የእኛው በርበሬና የእኛው ሚጥሚጣ የዚሁ ስደተኛ ዘር ናቸው፤ ወጡን ያለ እርሱ ማሰብ ለሚያስቸግረን ሰዎች ይህ ሲነገረን ጥቂት ማስደንገጡ አይቀርም። በቻይና መጽሐፍ ውስጥ ተጽፎ የተገኘው በ1591 ነው፤ የጻፈውም የሃንግጆው ሰው ጋው ልየን ነው። አበባው ነጭ፥ ፍሬው ቀይ፥ ጣዕሙ የሚያቃጥል፥ ለዐይንም እጅግ ያማረ መሆኑን ይናገራል። የመደበው ግን ከአበቦች ጋር ነው። ባለ ጸጎቹ በግቢያቸው ተክለው ሲያዩት ኖሩ እንጂ ወደ ድስት ለማስገባት አልቸኰሉም።

ወደ ድስት ያስገባው ችግረኛው ነው። ጉይጆው የተባለው ተራራማ የደቡብ ምዕራብ አውራጃ የራሱ ጨው የለውም፤ ጨው የሚመጣለት ከጎረቤቱ ከሲችዋን በሰው ጫንቃና በጋማ ከብት ስለ ነበረ ዋጋው የሚቀመስ አልነበረም። አሞሌ በገንዘብ ፈንታ ሲገበያይበት ለኖረ አገር ሰው የጨውን ውድነት ማስረዳት አያስፈልገንም። በ1720 ገደማ በዚያ አውራጃ የተጻፈ አንድ የአገረ ገዥዎች መዝገብ፥ የአገሩ ተወላጆች የሆኑት ሚያው የሚባሉት ሕዝቦች ይህን የሚያቃጥል ፍሬ በጨው ፈንታ እንደሚበሉት በአንድ አጭር ዐረፍተ ነገር ይመሰክራል። ያን መዝገብ የጻፈው ሹም ይህን ሲጽፍ ነገሩን እንደ ትልቅ ወሬ የቈጠረው አይመስልም። ለእኛ ግን በዚህ ታሪክ ውስጥ ከሁሉ የሚከብደው ዐረፍተ ነገር ይህ ነው። ጨው የሌለው ምግብ አይወርድም፤ በርበሬ ደግሞ ጨው ባይሆንም ምላስን አስለቅሶ ሩዙን ወደ ሆድ ያሳልፈዋል። ዛሬ የዓለም ወጣት ለጨዋታና ለውድድር የሚበላው ቃጠሎ መነሻው ይህ ነበር።

ከጉይጆው ወደ ሲችዋንና ወደ ኹናን ልማዱ ተስፋፋ፤ በዐሥራ ዘጠነኛው ምዕተ ዓመት የሲችዋን ምግብ ያለ በርበሬ የማይታወቅ ሆነ። እዚያም የሚያቃጥለው የባሕር ማዶ ፍሬ ምላስ ከሚያደነዝዘው የአገር ቅመም ጋር ተገናኘ። በየመንገዱ ምድጃቸውን በሸክም እንጨት አንድ ጫፍ፥ ኑድላቸውንና ቅመማቸውን በሌላው ጫፍ አንጠልጥለው የሚዞሩ ሻጮች ተነሡ፤ «ዳን ዳን» የተባለው ዝነኛ የሲችዋን ኑድል ስሙን ያገኘው ከዚሁ ከሸክም እንጨታቸው ነው።

በዚያው ምዕተ ዓመት ከጓንግዶንግና ከፉጅየን የወጡ ድኻ ስደተኞች ጥብሱን በባሕር ላይ አሻገሩት። በኢንዶኔዥያ «ሚ ጎሬንግ»፥ በፔሩ «ታያሪን ሳልታዶ»፥ በአሜሪካ «ቻው ሜን» ተባለ፤ ሁሉም የጥብሱ የአገር ስም ነው። የተባበሩት የአሜሪካ መንግሥታት በ1882 የቻይና ሠራተኞች እንዳይገቡ በሕግ ከለከሉ፤ ክልከላውም እስከ 1943 ጸንቶ ቈየ። በእነዚያው ዓመታት ቻው ሜን በአሜሪካ ከተሞች እየተወደደ ሄደ። ምግቡ ገባ፤ አብሳዩ በር ላይ ቀረ።

አሁን ወደ ጃፓን እንሻገር፤ የዐሥር ደቂቃው ነገር ባለቤት እዚያ ነውና። ሞሞፉኩ አንዶ በ1910 በታይዋን ተወለደ፤ ደሴቲቱ በዚያን ጊዜ በጃፓን አገዛዝ ሥር ነበረች። ጦርነቱ በ1945 ሲያበቃ ኦሳካ ዐመድ ሆና ነበር። አንዶ ራሱ ኋላ እንደ ተረከው፥ በኡሜዳ የባቡር ጣቢያ ጀርባ በሚገኘው የጥቍር ገበያ ሲያልፍ፥ ልብሳቸው ያለቀ ሰዎች አንድ ሳሕን ትኵስ ኑድል ለማግኘት በብርድ ተሰልፈው አየ፤ ሰልፉም እጅግ ረዥም ነበር። ከአሜሪካ የሚመጣው የርዳታ ስንዴ ግን ይሰጥ የነበረው በዳቦ መልክ ነበር፤ መንግሥቱም ሕዝቡ ዳቦ እንዲለምድ ያበረታታ ነበር። አንዶ ከአንድ የጤና ሚኒስቴር ሹም ጋር ሲነጋገር፥ የምሥራቅ ሰው የለመደው ኑድል ሳለ ስለ ምን ዳቦ ብቻ ይሰጣል ብሎ እንደ ጠየቀ ይተርካል። የኑድል ሠሪዎች ድርጅት ትንንሽ ስለ ሆነ በሰፊው ለማከፋፈል አያስተማምንም የሚል መልስ ተሰጠው፤ እንግዲያው አንተው ለምን አታጠናውም ተባለ።

ነገሩ ያን ጊዜ በዚያው ቀረ። አንዶ በ1948 በግብር ጕዳይ ተከስሶ ሁለት ዓመት ያህል ታሰረ። ከወጣ በኋላ የአንድ የብድር ማኅበር ሊቀ መንበር ሆነ፤ ማኅበሩም በ1957 ከሰረና ሀብቱን ሁሉ ይዞበት ሄደ። በኦሳካ አጠገብ፥ በኢኬዳ ከተማ ከነበረው መኖሪያ ቤቱ በቀር የቀረው ነገር አልነበረም። ዕድሜው ዐርባ ሰባት ሆኖ ነበር፤ በዚህ ዕድሜ የወደቀ ሰው ምን እንደሚያደርግ እናውቃለን፤ አብዛኛውን ጊዜ ሌላውን ይወቅሳል። እርሱ ግን በጓሮው ትንሽ የእንጨት ጎጆ አቆመ፤ ያገለገለ የኑድል መኪና ገዛ፤ በቀን አራት ሰዓት ያህል ብቻ እየተኛ አንድ ዓመት ሙሉ ሊጥ አቦካ። የሚፈልገው በቤት ብዙ ጊዜ የሚቀመጥ፥ ርካሽ፥ ንጹሕና በፈላ ውሃ ብቻ የሚበላ ኑድል ነው። የዶሮውን መረቅ ከሊጡ ጋር ቢለውሰው ክሩ እየተበጣጠሰ አስቸገረው፤ በመጨረሻ በአትክልት ማጠጫ እየረጨ ማጣጣምን ዘየደ። ማድረቁ ግን አልሆን አለው። መፍትሔው የተገኘው ከባለቤቱ ከማሳኮ ምድጃ ነው፤ በሊጥ የተነከረ ምግብ በጋለ ዘይት ስትጠብስ ውሃው እየተንጨረጨረ ሲወጣና በስፍራው ደቃቅ ቀዳዳ ሲቀር አየ። ኑድሉም እንዲሁ ቢጠበስ ውሃው ይወጣል፤ ኋላ የፈላ ውሃ ሲፈስስበት በዚያው ቀዳዳ ገብቶ ያለሰልሰዋል። በዚህ ትረካ ውስጥ የወይዘሮ ማሳኮ ድርሻ ሁልጊዜ በአንድ ዐረፍተ ነገር ታልፎ መሄዱ አያስደስተንም።

«ቺኪን ራመን» በኦገስት 25 ቀን 1958 ለሽያጭ ቀረበ። ዋጋው 35 የን ሲሆን የትኵሱ ኑድል ዋጋ ስድስት የን ብቻ ስለ ነበረ አከፋፋዮቹ ይህን ማን ይገዛል ብለው አጕረመረሙ። ለድኻ ታስቦ የተሠራው ምግብ መጀመሪያ የቅንጦት ዕቃ ሆኖ መውጣቱ የሚያስገርም ነው፤ ፋብሪካው ሲሰፋ ግን ዋጋው ለብዙው ሰው የሚደረስበት ሆነ። በ1963 ይኸው ድርጅት በመጥበሻ ላይ በጥቂት ውሃ የሚበስል፥ ውሃው ሲመጠጥ ጥብስ የሚሆን ያኪሶባ አወጣ። ይህ ነው እንግዲህ የዛሬው የጥብስ እሽግ አባት። በ1971 በኩባያ የሚሸጠው ተከተለ፤ በፌብሩወሪ 1972 የጃፓን ፖሊሶች በተራራ ላይ የመሸጉ ታጣቂዎችን ከብበው በበረዶ ውስጥ ሲጠባበቁ ይህንኑ ከኩባያ ሲበሉ በቴሌቪዥን ስለ ታዩ አገሩ ሁሉ ዐወቀው።

ከዚያ በኋላ ያለውን በፍጥነት እናልፋለን። በደቡብ ኮርያ፥ ከጦርነቱ በኋላ ድኻው ከአሜሪካ የጦር ሰፈር የተረፈውን ቅሬታ አፍልቶ በሚበላበት ዘመን፥ ሳምያንግ የተባለው ኩባንያ በ1963 በጃፓኖች ዕውቀት እየተረዳ የአገሩን የመጀመሪያ ፈጣን ኑድል በዐሥር ዎን ሸጠ። መንግሥቱ ሩዝ እንዲቈጠብ ሕዝቡን ያሳስብ ስለ ነበር ስንዴው ይበልጥ ተስፋፋ። የኮርያ ሰው ግን ያለ በርበሬ አይጠግብም፤ በ1986 «ሺን ራምዮን» የተባለው ቀይ መረቅ ወጣ፤ በ2012 ደግሞ ሳምያንግ ስሙ በቋንቋቸው የእሳት ዶሮ ጥብስ ኑድል ማለት የሆነውን «ቡልዳክ» አወጣ። በጁን 2024 የዴንማርክ መንግሥት ሦስቱን የቡልዳክ ዐይነቶች ከመጠን በላይ ያቃጥላሉ ብሎ ከገበያ አስነሣ፤ በሚቀጥለው ወር ሁለቱን መልሶ ፈቀደ። በጉይጆው ተራራ ድኻው ጨው ቢያጣ የያዘው ፍሬ ከአውሮፓ መንግሥት ጋር ሙግት እስኪገጥም ድረስ መድረሱን ያ መዝጋቢ ሹም ቢሰማ ምን ይል ነበር? ኢንዶኔዥያም በ1972 «ኢንዶሚ»ን፥ ቈይቶም የሚ ጎሬንጉን ዐይነት አወጣች፤ በእኛም አገር በከተማው ሱቅ ሁሉ የሚታወቀው በዚሁ ስም ነው፤ ልጆቻችን የየትኛውንም ፋብሪካ ኑድል ኢንዶሚ ብለው ይጠሩታል።

በዓለም ላይ በ2023 የተበላው ፈጣን ኑድል 120 ቢሊዮን ያህል እሽግ ነው። ንቀት የሚናገሩትን ሰው በአንድ ነገር ልንደግፋቸው ይገባል፤ ይህ ሁሉ እሽግ ያለ ጕዳት አይበላም። የዓለም የጤና ድርጅት ለአንድ ሰው በቀን ከአምስት ግራም ያነሰ ጨው ይበቃል ይላል፤ ከዚህ ልክ ግማሹንና ከዚያም የሚበልጠውን በአንድ እሽግ ቅመም ብቻ የሚይዙ ኑድሎች ብዙዎች ናቸው። ጨው ላጣ ሰው የመጣው በርበሬ ዛሬ ጨው ከበዛበት ከረጢት ጋር አብሮ ይሸጣል። ስለዚህ በቤታችን የምንሠራው ኑድሉን ከከረጢቱ ለይተን፥ ሽንኵርቱን፥ ዝንጅብሉንና ሚጥሚጣውን በእጃችን መጥነን፥ ጥቅል ጐመንና አንድ እንቍላል ጨምረንበት ነው። ጊዜው ከዐሥር ደቂቃ በላይ አይረዝምም። ጥብስ ከሚያውቅ አገር ለተወለደ ሰው መጥበሻ ማጋል አዲስ ትምህርት አይደለም፤ ሽታው ብቻ ሌላ ነው።

አንዶ በጃንዩወሪ 2007 በዘጠና ስድስት ዓመቱ ዐረፈ። በኢኬዳ ከተማ በ1999 በተከፈተው ቤተ መዘክር የዚያ የጓሮ ጎጆ አምሳል ቆሞ ይታያል፤ ውስጡ ጠባብ ነው፤ ምድጃው፥ የኑድል መኪናውና የዘይት ድስቱ በየቦታቸው ተቀምጠዋል። ከዚያው ቤት በሌላ ክፍል ደግሞ የሚጐበኙ ልጆች ሽርጥ ታጥቀው ከዱቄት ይጀምራሉ፤ ሊጡን በእጃቸው ያቦካሉ፥ ይዳምጣሉ፥ ይቈርጣሉ፤ ተጠብሶ ሲያበቃም የሠሩትን በእሽግ አድርገው ወደ ቤታቸው ይወስዳሉ።